ሁሉንም ነጭ ብቀባው ይሰፋልኛል? ስለ ጠባብ ክፍልና ቀለም የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ዋናው ክፍል 3 በ3.5 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.6። መስኮቱ አንድ ብቻ ሲሆን ፊት ለፊቱ ሌላ ብሎክ ቆሟል። ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ቡኒ የዘይት ቀለም ነው፣ ከዛ በላይ ክሬም፣ ኮርኒሱ ነጭ ነበር አሁን ቢጫ ቢጫ ብሏል። ክፍሉ ያፍነኛል። ሶፋዬም ቡኒ ነው። ሁሉንም ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) ነጭ ባስቀባው ይሰፋልኛል? ወንድሜ ደግሞ አንዱን ግድግዳ ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርጊው ጥልቀት ይሰጠዋል ይላል። የ3 አመት ልጅ አለችኝ፣ ግድግዳ ላይ ትጽፋለች።»

አይሰፋልሽም። ቢያንስ ባሰብሽው መንገድ አይሰፋም፣ እንዲያውም ግሎስ ነጭ ካስቀባሽው የግድግዳውን እብጠትና ስርጉድ ሁሉ አውጥቶ ነው የሚያሳይሽ። የወንድምሽም ሃሳብ ለዚህ ክፍል አይሆንም፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ቀለም ክፍል እንደማይለጥጥ ልብ በይ፣ 10.5 ካሬሽ 10.5 ካሬ ነው፣ በሩ አልጋ የሚገጭ ከሆነ ከቀለም በኋላም ይገጫል። ቀለም የሚሰራው አይን ላይ ነው። አይናችን ክፍል የት እንደሚያልቅ የሚያውቀው በአብዛኛው በብርሃን ልዩነት ነው፣ ደማቁና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ሲያገኝ «እዚህ ጋ አለቀ» ይላል። ስለዚ ጠባብ ክፍል ላይ ያለሽ ስራ ሁለት ነው፣ እነዚህን መስመሮች መቀነስ እና በመስኮቱ የገባውን ትንሽ ብርሃን ግድግዳው እንዳይውጠው ማድረግ። ሌላው ሁሉ፣ ቲክቶክ ላይ የምታይው ጭምር፣ ከነዚህ ሁለት የሚወጣ አይደለም።

ቤትሽን የሚያጠበው ዋናው ነገር ክሬሙ አይደለም፣ ኮርኒሱም አይደለም፣ ያ ቡኒ ቀበቶ ነው። ይሄ አቀባብ ከትምህርት ቤትና ከመስሪያ ቤት ኮሪደር የመጣ ይመስለኛል፣ የሰው እጅና የወንበር ጀርባ የሚነካውን ያህል ጠቆር ባለ የዘይት ቀለም መቀባት፣ ቆሻሻ አያሳይም፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ በዚህ በኩል ምንም አልልም። ግን 2.6 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድግዳ ወገቡ ላይ ስትቆርጪው አይን ሁለት አጫጭር ግድግዳ ነው የሚያየው፣ ያ መስመር ደግሞ ክፍሉን ዙሪያውን ይዞረዋል ማለትም አራቱንም ማዕዘን አንድ በአንድ ይጠቁምልሻል። ቡኒ ሶፋ እዛ ቡኒ ላይ ሲደገፍ ደግሞ የክፍሉ የታችኛው ግማሽ ባጠቃላይ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናል። አሁን ያለውን ክሬም ሳትነኪ ያንን ቀበቶ ብቻ ከላይኛው ጋር አንድ ብታደርጊው እንኳን ልዩነቱን ታይዋለሽ።

አሁን ወደ ነጩ። ነጭ የራሱ ብርሃን የለውም፣ የተሰጠውን ነው የሚመልሰው። ቀለም አምራቾች አንድ ቀለም ከወደቀበት ብርሃን ስንት እጅ እንደሚመልስ የሚለኩበት ቁጥር አላቸው፣ ኤልአርቪ ይባላል፣ ከ0 እስከ 100 ነው። ጥሩ ነጭ 85 አካባቢ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ክሬም 70 ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል፣ የቸኮሌት ቡኒ 10 አካባቢ ነው። ብርሃን ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ስለሚነጥር ልዩነቱ ከሚመስለው በላይ ነው። 100 ብለን እንነሳ፣ 80 የሚመልስ ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ ነጥሮ 51 ይቀርሻል፣ 50 የሚመልስ ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ ነጥሮ 12 ተኩል ብቻ ነው የሚቀርሽ። ቡኒው ጋ ደግሞ ሂሳቡን ተይው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከብርሃኑ ብዙው የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ነው፣ ስለዚ ፈዛዛ ቀለም ከሰፊ ሳሎን ይልቅ እንዳንቺ ያለው ክፍል ላይ ነው ዋጋው የሚጨምረው። እስከዚህ ድረስ ነጭ የሚሉሽ ሰዎች ልክ ናቸው።

የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። መስኮትሽ ሰማይ አያይም፣ ወይም የሚያየው ጥቂት ነው፣ የሚገባልሽ ብርሃን አብዛኛው ፊት ለፊት ካለው ብሎክ ግድግዳ ተመልሶ የመጣ ነው፣ ማለትም ደከም ያለ ነው የዛንም ግድግዳ ቀለም ይዞ ነው የሚመጣው። እንዲህ ባለ ብርሃን ውስጥ ንጹህ ነጭ ነጭ ሆኖ አይታይም፣ ማዕዘኖቹ ጋ ግራጫ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያልታጠበ አንሶላ ይመስላል። በዛ ላይ በነጭ ላይ ጥላ ይጎላል፣ ጥላ በጎላ ቁጥር ማዕዘኑ ይታወቃል፣ ይሄ ደግሞ የፈለግሽው ተቃራኒ ነው። ስለዚ የሚያስፈልግሽ ንጹህ ነጭ ሳይሆን ትንሽ ሙቀት ያለው ኦፍዋይት ነው፣ ጠብታ ቢጫ ወይ ጠብታ ቡኒ ያለበት፣ ኤልአርቪው ከ75 እስከ 80 አካባቢ የሆነ። ቁጥሩን ሁሉም ሻጭ አያውቀውም፣ ካታሎጉ ላይም ላይጻፍ ይችላል፣ ካልተገኘ ካታሎጉን ከነጭ ወረቀት ጎን አድርገሽ አንድ ደረጃ ብቻ ጠቆር ያለውን ውሰጂ።

እዚህ ጋ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ካታሎግ ላይ ያለችው ትንሽ ካሬ ግድግዳ ላይ ስትወጣ ሁሌም ትጠነክራለች፣ በተለይ በጠባብ ክፍል። አንዱ ግድግዳ ቀለሙን ወደሌላው ይረጫል ሌላውም መልሶ ይረጫል፣ ካታሎግ ላይ የቅቤ ቀለም የመሰለሽ አራት ግድግዳ ላይ ሲወጣ የእንቁላል አስኳል ይሆናል። ቢጫና ሮዝ ላይ ይሄ በጣም ይብሳል። ስለዚ የወደድሽውን ሳይሆን ከወደድሽው አንድ ደረጃ የፈዘዘውን ነው የምትገዢው።

ስለ አቅጣጫም ላንሳ፣ ምክንያቱም ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ቪዲዮዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡ» እያሉ ሰው እያሳሳቱ ነው። እነሱ ሀገር ጸሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በላይ 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለሆነች እኛ ጋ ጸሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፣ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ናት፣ ታህሳስ ላይ እኩለ ቀን ከአናት ወደ 32 ዲግሪ ወርዳ በደቡብ መስኮት ትገባለች። ወደ ሰሜን የምትዞርበት ወቅት ግማሹ ክረምት ነው፣ ሰማዩ ይደፈናል፣ ስለዚ የሰሜን መስኮት እኛም ጋ ደብዘዝ ማለቱ አልቀረም ግን እንደነሱ አይደለም። እኛ ጋ አስቸጋሪው የምስራቅና የምዕራብ መስኮት ነው፣ ጸሐይዋ ዝቅ ብላ ክፍሉ ውስጥ ዘልቃ ስለምትገባ ሞቅ ያለ ቀለም ከሰዓት ላይ ብርቱካን ሆኖ ቁጭ ይላል። ያንቺ መስኮት በየትም ይዙር ብሎኩ ስለከለለው ይሄ ብዙ አያሳስብሽም፣ ከላይ ያልኩሽን ያዢ። ሰማይ የሚያይ የምዕራብ መስኮት ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ግን ክሬሙን ትታችሁ ወደ ቀዝቀዝ ያለው ኦፍዋይት ሂዱ።

ግሎስ የሚለውን ከየት እንዳመጣሽው ይገባኛል፣ ያብረቀርቃል ስለዚ ብርሃን ይመልሳል ነው ነገሩ። ግን ማት (የማያብረቀርቅ) ነጭና ግሎስ ነጭ የሚመልሱት የብርሃን መጠን ያን ያህል አይራራቅም፣ የሚለያየው አመላለሱ ነው። ማቱ በሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፣ ግሎሱ በአንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል፣ ስለዚ መስኮቱንና አምፖሉን ግድግዳው ላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል፣ አይን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቦታ ሲያይ ግድግዳው የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል። ከዛ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ልስን ታውቂው የለ፣ ብሎኬት ላይ በእጅ የተለሰነ ነው፣ ስቱኮው (ከቀለም በፊት የሚሳበው ማለስለሻ) በደንብ ካልተሳበ ሞገዱ ሁሉ ይወጣል። ልጅሽን በተመለከተ ያለሽ ስጋት ግን ትክክል ነው፣ ተራው ማት ፕላስቲክ ቀለም ላይ እርሳስና ከለር ስትሞነጫጭር በውሃ ስታሺው ቀለሙ አብሮ ይለቃል። መፍትሄው መሃሉ ላይ ያለው ነው፣ የሚታጠብ ተብሎ የሚሸጥ ፕላስቲክ ቀለም በሳቴን፣ ማለትም በመጠኑ ብቻ በሚያብረቀርቅ፣ ወይም ከሳቴንም በቀዘቀዘ አጨራረስ። ሁሉንም ግድግዳ በሱ አስቀቢ። በጀት ካጠረሽ ደግሞ የታችኛውን ክፍል በሳቴን የላይኛውን በማት ማድረግ ትችያለሽ፣ ግን አንድ አይነት ቀለም፣ አንድ ኮድ፣ ቢቻል የአንድ ቀን ቅልቅል መሆን አለበት፣ ያለበለዚያ ቀበቶውን መልሰሽ ሰራሽው ማለት ነው።

ወንድምሽ የሚለው ነገር ጨርሶ ከአየር የመጣ አይደለም። ብሩህነታቸው እኩል ከሆነ ሰማያዊ ከቀይ ይልቅ ራቅ ያለ ይመስላል ይባላል፣ ግን የሱ ሰማያዊ ጠቆር ያለ ነው፣ ብሩህነቱ ደግሞ ቀለሙን ያሸንፈዋል፣ ጠቆር ያለ ግድግዳ በፈዛዛ ግድግዳዎች መሃል ሲቆም ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ይሄ ባህሪው የሚጠቅምበት ቦታ አለ፣ ረጅም ጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለውን ግድግዳ ጠቆር ብታደርጊው ኮሪደሩ አጠር ብሎ ቅርጹ ይስተካከላል። ያንቺ ክፍል ግን 3 በ3.5 ነው፣ ካሬ ነው ማለት ይቻላል፣ የሚስተካከል ርዝመት የለውም። በተለይ በተለይ የመስኮቱን ግድግዳ እንዳታጠቁሩት፣ መስኮት ያለበት ግድግዳ በራሱ ጀርባውን ለብርሃን ስለሚሰጥ ከሁሉም ይጨልማል፣ በዛ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ከጨመርሽበት መስኮቱ ብቻ እያንጸባረቀ አይን ይወጋል። ሙሉ ክፍልን ከነኮርኒሱ ጠቆር ባለ አንድ ቀለም የሚቀቡም አሉ፣ ማዕዘኑ ስለሚጠፋ ሌሊት ብቻ ለሚገባበት መኝታ ቤት ያምራል፣ እኔም ወድጄው አውቃለሁ፣ ግን ምግብ የሚበሰልበት ልጅ የሚጫወትበት እንግዳ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ላይ ቀን በቀን አምፖል ማብራት ነው ትርፉ።

ኮርኒሱን ዝም ብለሽ አትለፊው። በጀርመን ማይንትስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የስነልቦና ተመራማሪዎች በ2010 (በፈረንጆቹ) ባወጡት ጥናት ሰዎች የክፍል ከፍታ እንዲገምቱ አድርገው ነበር፣ ኮርኒሱ ፈዛዛ ሲሆን ከፍ ያለ መሰላቸው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የሚገርመው ግን ግድግዳውም ሲፈዝ ከፍ ያለ መምሰሉ ነው፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ ለብቻው ለውጥ አላመጣም። ማለትም «ኮርኒሱ ከፍ እንዲል ግድግዳውን ጠቆር አድርጉት» የሚለው የቆየ ምክር ውሃ አይቋጥርም። ሁለቱንም ማፍዘዝ ነው። ያንቺ ኮርኒስ ቢጫ የሆነው በስቱዲዮ ኑሮ ነው፣ ወጡ እዛው ይሰራል፣ ቡናው እዛው ይፈላል፣ ዕጣኑም ይጨሳል፣ ጭሱና ቅባቱ ወደላይ ወጥቶ ይለጠፋል። ሳይታጠብ ከተቀባ አዲሱ ቀለም ወይ አይዝም ወይ ቢጫው በሳምንቱ መልሶ ይወጣል። በሳሙና ውሃ አሳጥቢው፣ በደንብ ይድረቅ፣ እድፍ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ከስር የሚቀባ) አንድ እጅ፣ ከዛ የግድግዳውን ኦፍዋይት ኮድ በማት ገዝተሽ ከነጭ ማት ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለሽ ይቀባ። ኮርኒስ ላይ ሳቴንም ግሎስም አይገባም።

ስለ በርና መስኮት ፍሬም ሰው አያስብም። የብረት ፍሬም ብዙ ጊዜ ጥቁር ወይም ቡኒ ነው፣ ትንሽ መስኮት ላይ ጥቁር ፍሬም ደግሞ መስኮቱን ይበልጥ ያሳንሰዋል። በውስጥ በኩል ያለውን ፍሬም፣ በሩንም፣ ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚዞረው ጠርዝ) የሚቀባ ከሆነ እሱንም፣ ወደ ግድግዳው ቀለም አምጪው። ውጪውን እንዳትነኪ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ጥያቄ ያመጣብሻል። መጋረጃሽ ወፍራም ከሆነና ቀን ላይ ግማሽ መስኮት የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዘንጉን ከፍሬሙ በግራና በቀኝ አስረዝመሽ ስትከፍቺው መጋረጃው ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ።

አምፖል። ስድስት ሺህ አምስት መቶ ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ሞቅ ይላል) የሚል ነጭ ሰማያዊ የሚተፋ ኤልኢዲ ነው አብዛኛው ቤት ያለው፣ ኦፍዋይት ላይ ሲያርፍ ህመምተኛ ያስመስለዋል። 3000 የሚለው ሞቅ ይላል፣ 4000 መካከለኛ ነው፣ ለስቱዲዮ 4000ውን እመርጣለሁ። ደግሞ ኮርኒስ መሃል ላይ አንድ ጠንካራ አምፖል ብቻ ከሆነ አራቱ ማዕዘን ይጨልማል፣ ሁለት አነስተኛ መብራት በተለያየ ማዕዘን ማድረግ ካንድ ባልዲ ቀለም በላይ የሚሰራበት ቤት አለ።

አሁን የስራው ነገር፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው። ያ ቡኒ የዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም በቀጥታ አይቀባም፣ ቀቢው «ይይዛል ችግር የለውም» ቢልሽም አትስሚው፣ በጥፍር ስትነኪው እንደ ላስቲክ ይላጣል። በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ማብረቅረቁ መጥፋት አለበት፣ ከዛ ለዘይት ቀለም ላይ የሚሆን ፕራይመር፣ ጠቆር ያለ ስለሆነ ምናልባት ሁለት እጅ። አስተሻሸቱ ላይ ተጠንቀቂ፣ አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ ሀገራችን ቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) የገደበችው በ2018 በፈረንጆቹ በወጣ ደንብ ነው፣ ያንቺ ግድግዳ መቼ እንደተቀባ ደግሞ አታውቂም። ስለዚ በደረቁ አይታሽም፣ በውሃ እየራሰ ነው የሚታሸው፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም፣ ልጅሽ ስራው አልቆ ቤቱ እስኪጸዳ ድረስ ሌላ ቦታ ትደር። ይሄ ለማስፈራራት አይደለም፣ እርሳስ በትንሹም ቢሆን የህጻን አእምሮ ይጎዳል።

ግድግዳው ላይ፣ በተለይ መታጠቢያ ቤቱን በሚያዋስነው በኩል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወይም የሚነሳ ቀለም ወይም ሻጋታ ካለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይቆይ። ያ እርጥበት ነው፣ ከላይ ቤት ወይም ካንቺው ቧንቧ ይመጣል፣ በላዩ ላይ ብትቀቢው ሁለት ክረምት አያልፍም። ምንጩ ይዘጋ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ከዛ ቀለም።

ብዛቱን ልንገርሽ፣ ሻጭ ከሚነግርሽ በራስሽ ብታሰይው ይሻላል። የግድግዳሽ ዙሪያ 13 ሜትር ነው፣ በ2.6 ሲባዛ 34 ካሬ ይጠጋል፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 30 ገደማ። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ 10 ካሬ ያህል ይይዛል፣ ሁለት እጅ ሲሆን ለግድግዳ 6 ሊትር፣ ለኮርኒስ 2 ሊትር፣ ለቡኒው ፕራይመር ደግሞ በየእጁ ካንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት። ጋሎን ሲሉሽ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር አንብቢ፣ ሁሉም እኩል አይደለም። ቀቢው ውሃ አብዝቶ እንዳያቀጥነውም አጠገቡ ሁኚ፣ ቀጠን ያለ ቀለም ሦስትና አራት እጅ ይጠይቅና ጥፋቱ የቀለሙ ይመስላል።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገው ይሄ ነው፣ ግማሽ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን፦ ቀበቶው ይጥፋ፣ አራቱም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሞቅ ባለ ኦፍዋይት በሚታጠብ ሳቴን፣ በርና የውስጥ ፍሬም በዛው ቀለም፣ ኮርኒሱ የዛው ቀለም ፈዛዛ በማት፣ አምፖሉ 4000፣ ሰማያዊውን ደግሞ ወንድምሽ ካልተወሽ የትራስ ልብስ ላይ አድርጊለት። ቡኒው ሶፋ ይቆይ፣ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ሲፈካ አንድ ጥቁር እቃ ብቻውን አያስጨንቅም።

ባልዲውን ከመግዛትሽ በፊት ትንሿን ቆርቆሮ ግዢና ትልቅ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቢ፣ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ከቀባሽው የድሮው ቀለም ከጎኑ ሆኖ ያታልልሻል። ካርቶኑን መስኮቱ ጎን፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት እና በጨለማው ማዕዘን አቁመሽ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ በመብራት እይው። እርጥብ እያለ አትወስኚ፣ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። ማዕዘኑ ጋ ግራጫ ከመሰለሽ ሞቅ ያለውን፣ ማታ ቢጫ ካለብሽ የፈዘዘውን። ተከራይ ስለሆንሽ ደግሞ ባለቤቱ በጽሁፍ ይፍቀድልሽ፣ ስልክ ላይ የተላከ መልዕክትም ቢሆን፣ ወጪውን ከኪራይ እንዲያስብልሽ የምትጠይቂውም ከመቀባትሽ በፊት ነው።